ስለሚበላውና ስለሚታየው

ሰው ትንሽ መሬት ባገኘ ጊዜ መጀመሪያ የሚመጣበት ሐሳብ «ምን ልትከል?» የሚል ነው። ጥያቄው የእርሻ ይመስላል እንጂ የእርሻ ብቻ አይደለም፤ ሰው የሚተክለውን ሲመርጥ ስለ ሕይወት ምን እንደሚያስብ ሳይታወቀው ይናገራልና። አንዱ የሚበላውን ይተክላል፤ አንዱ የሚያየውን ይተክላል። የሚበላውን የተከለ ሌላውን «ሥራ ፈት» ይለዋል፤ የሚያየውን የተከለም በበኩሉ «ሆዳም» ብሎ ይመልስለታል። ሁለቱም ጎረቤታሞች ስለሆኑ ስድቡ በአጥር ላይ እየተወራወረ ይኖራል።

እኔ ይህን ክርክር በሁለት ተክሎች ልመረምረው እወዳለሁ። ሁለቱም የሰሜን አሜሪካ ተወላጆች፣ በቴክሳስም የሚገኙ ናቸው። አንደኛው ብሉቦኔት ይባላል፤ ሰማያዊ ቆብ ማለት ነው። የአበባው ቅርጽ የጥንት ሴቶች ፀሐይ እንዳይመታቸው ይደፉት የነበረውን ቆብ ይመስላል ተብሎ የወጣለት ስም ነው። ቁመቱ ከጉልበት አያልፍም። በመስከረምና በጥቅምት ይበቅላል፤ የብርዱን ወራት መሬት ላይ ተለጥፎ ያሳልፋል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ያብባል፤ በግንቦት ዘሩን በትኖ ይሞታል። ሁለተኛው ኤልደርቤሪ ነው። ይኸኛው ከሥሩ ብዙ ግንድ የሚያወጣ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ቁጥቋጦ ሲሆን ዕድሜው የብዙ ዓመት ነው። ነጭ አበባው እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ ይታያል፤ ኋላም ወደ ጥቁር የሚያደላ ሐምራዊ ፍሬ ያፈራል። ከፍሬው ማርማላታና ሽሮፕ፣ ወይን ጠጅም ይሠራል። እንግዲህ በሚዛን ቢቀመጡ አንዱ የሁለት ወር እይታ፣ አንዱ የብዙ ዓመት መብል ነው። ፍርዱ ቀላል ይመስላል።

ነገር ግን ይህን ፍርድ አንድ ጊዜ የአንድ አገር ሸንጎ ተቀምጦበታል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1901 የቴክሳስ ሕግ መምሪያ ምክር ቤት የአገሩን አበባ ለመምረጥ በተሰበሰበ ጊዜ ሦስት ተወዳዳሪዎች ቀርበው ነበር። አንዱ ጥጥ ነው፤ የዚያ ጊዜ ቴክሳስ በጥጥ የምትለብስና በጥጥ የምትበላ አገር ነበረችና። ሁለተኛው ቁልቋል ነው፤ ለእርሱ የተከራከረው እንደራሴ ጆን ናንስ ጋርነር ነበር፤ ይህ ሰው ኋላ ከ1933 እስከ 1941 የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኗል። ሦስተኛው፣ አንድ ሰው እንኳ የማያበላና የማያለብስ፣ ብሉቦኔት ነበር። አሸናፊውም እርሱ ሆነ። ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ያስቃል፤ ምክር ቤቱ በስም የጠቀሰው አሸዋማ መሬት የሚወደውንና እምብዛም የማይደምቀውን ዓይነት ነበርና ሰዎች ለ70 ዓመት ያህል «ትክክለኛው ይህ አይደለም» እያሉ ተጨቃጨቁ። በ1971 ምክር ቤቱ ሁሉንም ዓይነት አንድ ላይ ጨምሮ ነገሩን ዘጋው። ይሁን እንጂ ጥጥ ይመለስ ያለ አልነበረም።

ይህን ታሪክ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በኦስቲን ከተማ ዳርቻ የሚኖሩ የአገሬ ሰዎች፣ እናትና ልጅ፣ በዚሁ ነገር ተጣልተው ለሽምግልና ጠርተውኝ ነበር። በቤታቸው ፊት ለፊት አንዲት ጠባብ ተዳፋት መሬት አለች። ልጅቱ ብሉቦኔት ልዝራባት አለች፤ እናቲቱ ኤልደርቤሪ ካልሆነ አሉ፤ እንዲህ ሲሉ ሁለት ሳምንት በአንድ ገበታ ሳይበሉ ቆይተዋል። እናቲቱ የጎጃም ገበሬ ልጅ ናቸው። «መሬት ጦሙን ሲያድር ያዝናል» አሉኝ። «ለዓይን ብቻ መትከል ጥጋብ ነው። ከጥጋብ በኋላ ምን እንደሚመጣ እኔ አውቃለሁ።» ልጅቱም «እማዬ፣ ሌሊቱን ሆስፒታል ሠርቼ ስመጣ በር ላይ የሚቀበለኝ ነገር እፈልጋለሁ። ማርማላታ እንደ ሆነ ከገበያ እገዛልሻለሁ» አለች። እናቲቱ ጥቂት ዝም ብለው «የገበያ ነገር ገበያው ሲዘጋ ይታወቃል» አሉ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ቃል አትሳቅ። ችግር ያየ ሰው የሚበላውን ሲያስቀድም ስስታም ሆኖ አይደለም፤ ያስታውሳል እንጂ። ረኃብ ባለበት አገር ከአበባ በፊት እህል መዝራት ግዴታ ነው፤ በዚህ ላይ የሚከራከር ሰው ቢኖር እኔ ከእርሱ ጋር አልቆምም። ነገር ግን በዚያ ቤት እንጀራው ከዚያች ተዳፋት አይመጣም፤ ልጅቱ ሌሊት ከምትሠራበት ደመወዝ ነው እንጂ።

እኔም በመጀመሪያ የተናገርሁት ስለ መሬቱ ነበር። ኤልደርቤሪ ወንዝ ዳር የለመደ፣ ሥሩ ከመሬት ገጽ ብዙ የማይጠልቅ ተክል ነው። ያች ተዳፋት ደግሞ የኖራ ድንጋይ የበዛባት፣ ውሃ የማይቆምባት፣ ፀሐይ ሙሉ ቀን የሚያገኛት ናት። በበጋ ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ ይበልጣል፤ ከተማውም አትክልት የሚጠጣበትን ቀን በደንብ ወስኗል። ብሉቦኔት የሚወደው ይህንኑ መሬት ነው፤ በጋው ሳይመጣ ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል። እንግዲህ ጠቃሚ የሚባለው ተክል በዚያ ቦታ ውሃ የሚለምን ጥገኛ ይሆናል ማለት ነው። ጥቅም በተክሉ ውስጥ ብቻ ያለ ነገር አይደለም፤ በተክሉና በቦታው መካከል ያለ ነው።

እናቲቱ ግን ብልህ ናቸው። «መሬቱ ረግረግ ቢሆን ኖሮስ ለእኔ ትፈርድልኝ ነበር?» አሉኝ። ጥያቄው ልክ ነው። ስለ ቦታ የተናገርሁት ሁሉ የክርክሩን ሥር አልነካውም ነበር።

ለአበባው የሚከራከሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ አንድ ስሕተት ይሠራሉ፤ ይኸውም አበባውን በጥቅም ለማዳን መሞከራቸው ነው። ንብ ትቀስመዋለች ይላሉ፤ እውነት ነው። እንደ ባቄላና እንደ ሽምብራ በሥሩ ከሚያድሩት ባክቴሪያዎች ጋር ሆኖ ናይትሮጅን ከአየር እየወሰደ መሬት ያዳብራል ይላሉ፤ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን እንዲህ ብሎ የተከራከረ የእናቲቱን ሚዛን ተቀብሏል። በዚያ ሚዛን ደግሞ ኤልደርቤሪ ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ ሰውንም ወፍንም ይመግባልና።

ይህን እያወራን ሳለ ልጅቱ የዘሩን ከረጢት አመጣች። እናቲቱ ጥቂት በመዳፋቸው አድርገው በጣታቸው አሹትና «ይህማ የግብጦ ዘመድ ነው!» አሉ። ልክ ናቸው። ብሉቦኔትና በጎጃም የሚዘራው ግብጦ የአንድ ወገን ተክሎች ናቸው። ፊታቸው በራና «እንግዲያውስ ቀቅለን በውሃ ዘፍዝፈን እንበላዋለን» አሉ። እኔም ፈጥኜ ከለከልሁ። የግብጦ መራራነት ለብዙ ቀን በውሃ ሲዘፈዘፍ የሚወጣ መሆኑን አባቶቻችን በረጅም ልምድ አውቀውታል፤ የብሉቦኔት ዘር ግን መርዝ ያለበት ነው፤ ለመብልም አልተለመደም። ዘመድ ሁሉ አንድ ጠባይ የለውም። ኤልደርቤሪም ቢሆን ከዚህ ነገር ንጹሕ አይደለም። በፈረንጅ አቆጣጠር በነሐሴ 1983 በካሊፎርኒያ፣ በሞንተሬይ አውራጃ፣ ጥሬ ፍሬውን ከቅጠሉና ከቅርንጫፉ ጋር ጨምቀው የጠጡ ሰዎች ታመው 8ቱ በሄሊኮፕተር ወደ ሆስፒታል ተወስደዋል። ፍሬው በደንብ በስሎ ሳይቀቀል አይበላም። ሰው ግን «መብል ነው» የተባለውን ነገር አይጠራጠርም፤ ከአበባ ይልቅ በመብል የሚጎዳውም ስለዚህ ነው።

ወደ ሥሩ ልመለስ። እኔ በመጨረሻ ያሰብሁት ነገር እንዲህ ነው። የኤልደርቤሪ ፍሬ የለቃሚው ነው፤ አንድ ሰው ከበላው ሌላው አይበላውም፤ ከወፍ ጋር እንኳ ሽሚያ አለበት። የአበባው እይታ ግን ባለቤቱ ሊደብቀው የማይችለው፣ ሺህ ሰው ቢያየው የማይጎድል ሀብት ነው። ወደ ሥራው በእግሩ የሚሄደው ድኃ ከባለቤቲቱ እኩል ያገኘዋል፤ ማንንም አያስፈቅድም፤ የማንም ባለዕዳ አይሆንም። ምጽዋት እንኳ ተቀባዩን አንገት ያስደፋል፤ ይህ ግን አያስደፋም። የጠገበ ሰው ከጥጋቡ ለሌላው ሊያካፍል የሚገባው እንዲህ ያለውን ጭምር ይመስለኛል። እናቲቱ ጥጋብ የሚያስፈራቸው ለራሱ ብቻ ስለሆነ ነው፤ ስለዚህ ፍርሃታቸውን የሚመልሰው ፍሬው ሳይሆን አበባው ነው ብዬ ፈረድሁ። እርሳቸው ግን «ቃልህ ያምራል» ብቻ አሉኝ፤ ተስማማሁ አላሉም።

ዘሩ በጥቅምት ተዘራ። የብሉቦኔት ዘር ልባሱ ጠንካራ ነው፤ አንዳንዱ በአንድ ዓመት፣ አንዳንዱ ብዙ ዓመት አፈር ውስጥ ቆይቶ ይበቅላል። በመጋቢት ተዳፋቷ ሰማያዊ ሆነች። ከባዱ ጊዜ ግን ግንቦት ነው። አበባው ይረግፋል፤ ግንዱ ይገረጣል፤ ቦታው የተተወ ይመስላል። በዚያን ጊዜ የታጨደ እንደ ሆነ ለሚመጣው ዓመት የሚሆን ዘር አይወድቅም፤ የቴክሳስ የመንገድ መሥሪያ ቤት እንኳ በየመንገዱ ዳር ዘሩ እስኪረግፍ ድረስ ማጨዱን ያዘገያል። የሰፈሩ ሣር አጫጅ ማጨጃውን እየገፋ በመጣ ጊዜ ልጅቱ ሥራ ላይ ነበረች። እናቲቱ በር ላይ ቆመው፣ ቋንቋውን ባያውቁም፣ በእጃቸው ከለከሉት። ለልጃቸውም «ሳይደርቅ የሚያጭድ ምን ዓይነት ገበሬ ነው?» አሏት። ከጥቂት ቀን በኋላ ጸሐዩ ሲበረታ ዛላው እየተጠማዘዘ ይፈነዳ፣ ዘሩን እየወረወረ ይንጣጣ ጀመር፤ ወንበር አውጥተው ሲሰሙ ዋሉ።

ኤልደርቤሪውም አልቀረም። ወንዝ ዳር ቤት ባለው በአንድ ዘመዳቸው ግቢ ተክለውታል፤ ከሥሩ አዲስ ግንድ እያወጣ ወደ ጎረቤት አጥር ማለፉን ሰምቻለሁ። አንድ ብልቃጥ ማርማላታ እንደሚልኩልኝ ቃል ገብተውልኝ ነበር፤ እስካሁን አልደረሰኝም።