እርሻው አንድ፣ ልጆቹ ብዙ



እሑድ ጠዋት የረሆቮት ባቡር ጣቢያ በወታደሮችና በተማሪዎች ይሞላል። እኛም ሁለት የየሺቫ ተማሪዎች ሰንበትን ከቤተሰቦቻችን ጋር አሳልፈን ወደ ትምህርታችን ለመመለስ ባቡር ስንጠብቅ፣ አንድ የቂርያት ሞሼ አባት አጠገባችን ተቀመጡ። ኪፓችንን አይተው «ልጆቼ፣ እናንተ ኦሪት ትማራላችሁ፤ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አሉን። እኒህ አባት ለብዙ ዓመታት በአንድ ሞሻቭ ብርቱካን ሲለቅሙ ኖረዋል። የእርሻው ባለቤት ሲሞቱ እርሻው በሙሉ ለአንዱ ልጅ ሆነ። ሌሎቹ ሁለቱ ዛሬ በአባታቸው አዝካራ እንኳ ከወንድማቸው ጋር አይቆሙም። «ሰውየው ፍርድ አጓደሉ ወይስ አላጓደሉም?» ብለው ጠየቁን። መልስ ሳንሰጣቸው ባቡሩ መጣ። ስለዚህ ያሰብነውን እዚህ እንጽፋለን።

በመጀመሪያ የአገራችንን ሕግ እንይ። በእስራኤል መንግሥት ከሟች ንብረት ላይ የውርስ ግብር አይወስድም። በ1949 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣው የውርስ ግብር ሕግ ከ1981 ሚያዝያ ወር ጀምሮ ቀርቷል። ወራሹ ንብረቱን በኋላ ሲሸጥ ግን «ማስ ሼቫኽ» የሚባለውን የትርፍ ግብር ሊጠየቅ ይችላል። በሌላ አገር ነገሩ የተለየ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በ2024 በትልልቅ እርሻዎች ውርስ ላይ ግብር እንደሚጥል ሲያስታውቅ፣ ገበሬዎች ትራክተራቸውን ይዘው ለንደን ድረስ ሄደው ተቃወሙ። በእኛ አገር ግን ክርክሩ የሚነሣው ከመንግሥት ጋር ሳይሆን በወንድማማቾችና በእኅትማማቾች መካከል ነው።

የ1965ቱ የውርስ ሕግ፣ ኑዛዜ ከሌለ ከንብረቱ ግማሹ ለትዳር ጓደኛ፣ ግማሹ ደግሞ ወንድ ሴት ሳይባል ለልጆች እኩል እንዲሆን ያዛል። የሞሻቭ እርሻ ግን እንዲህ አይከፈልም። «ናሐላ» ይባላል። ቤተሰቡ ያለው የመጠቀም መብት ነው፤ እርሻውም ለእያንዳንዱ ልጅ ተሸንሽኖ አይሰጥም። ስለዚህ በብዙ ሞሻቮች «ቤን ማምሺኽ»፣ ማለትም ተተኪ ልጅ፣ ይመረጣል። ሴት ልጅም ልትሆን ትችላለች፤ ነገር ግን የምትተካው አንዷ ብቻ ናት።

ወላጆቻችን ይህን ሲሰሙ ሊገረሙ ይችላሉ። በአማራ አገር በርስት ሥርዓት ወንድም ሴትም ልጅ ከአባትም ከእናትም ወገን ድርሻውን ይጠይቅ ነበር፤ መሬቱም እየተከፋፈለ ይጠብ ነበር። ከቤተ እስራኤል ግን ብዙዎቹ ርስት አልነበራቸውም። ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ታሪክ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ሃይማኖቱን ያልለወጠ ርስት እንዳይወርስ ተከልክሏል። አባቶቻችን የሰው መሬት በጭሰኝነት ሲያርሱ፣ ብረት ሲቀጠቅጡ፣ እናቶቻችንም ሸክላ ሲሠሩ ኖረዋል። መሬት ለአራሹ የሆነው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1967 ነው። ስለዚህ ዛሬ በቂርያት ሞሼ አንድ ቤት ያላቸው አባት፣ ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ብዙ ትውልዶች ያላገኙትን ነገር ለልጆቻቸው ያወርሳሉ። እንዲህ ያለ ነገር የጠብ ምክንያት ሲሆን ማየት ያሳዝናል።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። በእርሻው ላይ የቀረው ልጅ፣ ሌሎቹ ከተማ ሲገቡ እርሱ ከአባቱ ጋር በፀሐይና በዕዳ ደክሟል፤ እርሻው ከተሸጠ ልፋቱ ከንቱ ይሆናል። የሄዱትም ልጆች እውነት አላቸው። ብዙ ጊዜ «ሂዱ፣ ተማሩ» ብለው የላኳቸው ወላጆቻቸው ናቸው። ዱሮ ናሐላ መውረስ ሥራና ዕዳ መውረስ ነበር፤ ዛሬ ግን በረሆቮት አካባቢ የመሬት ዋጋ እጅግ ወጥቷል። ሊቃውንቶቻችን በታልሙድ ከዮሴፍ ቀሚስ ተነሥተው አባት በልጆቹ መካከል አያበላልጥ ብለው አስተምረዋል። ታዲያ የማይከፈል እርሻ ያለው አባት ምን ያድርግ?

መልሱን የዚህች ከተማ ስም ይጠቁመናል። ረሆቮት በ1890 ስትመሠረት ስሟን ያገኘችው በስግድ ሰሞን ከምናነበው ከፓራሻት ቶልዶት ነው። ይስሐቅ የአባቱን የአብርሃምን ጉድጓዶች እንደ ገና ቆፈረ። በኋላ ባገኛቸው ሁለት ጉድጓዶች እረኞች ተጣሉት፤ ሳይጣሉ በተቆፈረው በሦስተኛው ላይ ግን ርኆቦት፣ ሰፊ ስፍራ፣ የሚል ስም አወጣ። ሆኖም ይኸው ይስሐቅ ሲያረጅ በረከቱን ለአንድ ልጅ ሊሰጥ ያሰበው ሁሉንም ሰብስቦ ሳይነጋገር ነው። ርብቃ ሰማች፤ ዔሳው አለቀሰ፤ ያዕቆብም ሸሽቶ ከሃያ ዓመት በላይ ከቤቱ ራቀ። አባቱ አብርሃም ግን ያለውን ሁሉ ለይስሐቅ ሲሰጥ፣ ለሌሎቹ ልጆች ገና በሕይወት ሳለ ስጦታ ሰጥቶ ነገሩን ጨርሷል።

እንግዲህ እኛ እንደሚመስለን፣ ያ የእርሻ ባለቤት አንዱን ልጅ በመምረጣቸው ፍርድ አላጓደሉም። ያጓደሉት ሳይናገሩ ከሞቱ ነው። የ1965ቱ ሕግም እርሻ በውርስ ሲተላለፍ ማረስ የሚችለውና የሚፈልገው ወራሽ እንዲወስድ፣ ከድርሻው በላይ ላገኘው ግን ለሌሎቹ እንዲከፍል ያስባል። ካሳው እርሻውን የሚያሸጥ ያህል ቢከብድስ? ያን ጊዜ ሌሎቹ ከእኩል ያነሰ መቀበል ሊኖርባቸው ነው። ይህን ከአባታቸው አፍ በሕይወት ሳለ ሲሰሙት ከባድ ቢሆንም ሊቀበሉት ይችላሉ። ከጠበቃ ደብዳቤ ሲያነቡት ግን «አባታችን አልወደደንም» ብለው ይረዱታል።

ስለዚህ የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ እርሻም ይሁን አንድ አፓርታማ፣ ልጆቻችሁን ወንድ ሴት ሳትለዩ በአንድ ማዕድ ሰብስቡ። እንደ አገራችን ልማድ ቄስ ወይም ሽማግሌ ይቀመጥ፤ ሐላኻውን ራቭ ጠይቁ፤ ከዚያም በጠበቃ ፊት ይጻፍ። ናሐላ ያላችሁ ደግሞ በብዙ ሞሻቮች ኑዛዜ ብቻውን እንደማይበቃ ዕወቁ፤ ከመሬት አስተዳደሩ ጋር ያለው ውል መታየት አለበት። ልጆችም ወላጅ ስለ ውርስ ሲናገር «ሞትን አታንሡ» ብለን አፉን አንዝጋ። የምንፈራው ንግግር በኋላ ከሚመጣው ጠብ ይቀላል።

እኒያን አባት በጣቢያው እንደ ገና ብናገኛቸው ይህንኑ እንነግራቸዋለን፤ የራሳቸውንም ልጆች ሰብስበው እንደሆነ እንጠይቃቸዋለን። እግዚአብሔር ለቤታችሁ ሁሉ ያለ ጠብ የሚኖሩበትን ሰፊ ስፍራ ይስጥ። አሜን።