ድካም ሲቀር ልክን የሚሰጥ ማን ነው?

ሰው በጉልበቱ ሲሠራ የሥራው ልክ በዚያው በጉልበቱ ውስጥ አለ። ገበሬ የሚያርሰው በሬው እስኪደክም ነው፤ እንጨት ለቃሚዋ የምትሸከመው ወገቧ የቻለውን ያህል ነው፤ ዓሣ አጥማጁም ክንዱ ቀዝፎ ሊመልሰው ከሚችለው በላይ አይርቅም። ይህ ልክ ተጽፎ የወጣ ሕግ አይደለም፤ ሸንጎ ተቀምጦም የደነገገው የለም፤ ነገር ግን ሊያፈርሰው የሚችል ስላልነበረ ብዙ ዘመን ሲጠበቅ ኖሯል። እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው፤ መሣሪያ መጥቶ ድካሙን ከሰው ትከሻ ላይ ባነሣለት ጊዜ፥ ከድካሙ ጋር አብሮ የሚነሣውን ልክ በምን ይተካዋል?

ጥያቄውን ያመጣብኝ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። የምኖረው በሐዋሳ መሃል ከተማ ስለ ሆነ፥ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በየማለዳው ከቅዱስ ገብርኤል አደባባይ ወደ ሐይቁ በእግሬ እወርዳለሁ፤ ሐኪም አዞኝ ነው እንጂ ለምርምር አይደለም። ልጁም (ልጅ የምለው በልማድ ነው፤ የሦስት ልጆች አባት ነው) እንደ አባቱ ዓሣ አጥማጅ ነውና ብዙ ጊዜ ከዳር እንገናኛለን። አንድ ቀን ግን እቤቴ ድረስ መጥቶ፥ "ጋሼ፥ ዋስ ይሁኑኝ" አለኝ። ከቁጠባና ብድር ማኅበር ገንዘብ ተበድሮ፥ በጀልባው ኋላ የሚንጠለጠል ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ከነባትሪው ሊገዛ አስቦ ኖሯል።

ይህን ዓይነት ሞተር ላላየ አንባቢ ጥቂት ልናገር። የሚሽከረከረው ክንፉ ከውኃው ውስጥ ነው፤ ኃይሉን የሚያገኘው ከ12 ቮልት ባትሪ ነው፤ ቤንዚን አይጠጣም፥ አያጨስም፥ ድምፁም እምብዛም አይሰማም። ፍጥነቱ ከሰው እርምጃ ብዙ አይበልጥም። ሳስተምር የኖርሁት ሒሳብና ሳይንስ ነበርና ወዲያው ወረቀት አውጥተን አሰላን። ባትሪው 100 አምፔር ሰዓት ቢይዝ፥ ሞተሩም በሙሉ ኃይሉ 40 አምፔር ቢስብ፥ በሒሳብ ሁለት ሰዓት ተኩል ያስኬዳል፤ የእርሳስ ባትሪ ግን ከግማሹ በታች ደጋግሞ ከወረደ ዕድሜው ያጥራልና፥ ለጥንቃቄ አንድ ሰዓት ከሩብ እንበል። ቀስ ብሎ ለሚነዳ ጊዜው ብዙ ይረዝማል። ከሰዓት በኋላ በሐይቁ ላይ ነፋስ ስለሚነሣ መቅዘፊያውን ቤት ጥሎ መሄድ እንደማይገባ ብነግረው፥ "ጋሼ፥ ይህንንስ እኔ ላስተምርዎ" ብሎ ሳቀ።

ስለ ሞተሩ በጎነት የሚባለው ሁሉ እውነት ነው። ሐይቃችን ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፥ ጥልቅ ቦታው 22 ሜትር ያህል ነው፤ የጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፥ በምድር ላይ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ስለዚህ የነዳጅ ሞተር ዘይት ከሚያንጠባጥብበት ይልቅ ይህኛው ለውኃው ይሻላል። ለሰውም ይሻላል። ድካምን እንደ ጽድቅ ቆጥረው የሚያመሰግኑ ሰዎች አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ጋር አይደለሁም፤ አብዛኞቹም መቅዘፊያ ጨብጠው አያውቁም። የልጁ አባት 30 ዓመት ቀዝፎ፥ ዛሬ ቀኝ ክንዱን ከትከሻው በላይ ማንሣት አይችልም፤ ሸሚዙን የምታለብሰው ሚስቱ ናት። ለእንዲህ ያለው ሰው የድካምን መልካምነት መስበክ ነውር ነው።

ነገር ግን ስለ ሞተሩ ስንጫወት ያ አባት ራሱ አንድ ነገር ተናገረ። "እኔን ወደ ቤት ይመልሰኝ የነበረው መቅዘፊያው ነው" አለ። "ክንዴ ሲዝል ይበቃል እል ነበር፤ ቢበቃም ባይበቃም።" ቃሉን ብዙ ቀን አሰብሁበት። ከክንዱ ወሰን ማዶ የነበረው ውኃ፥ መረብ ያልደረሰበት ውኃ፥ የዓሣው ማረፊያ ሆኖ ኖሯል ማለት ነው። ይህም የሆነው አጥማጁ ለዓሣው ስለ ራራ አይደለም፤ ስለ ደከመው ነው።

ይህ የሽማግሌ ግምት ብቻ እንዳይመስል የጣናን ነገር ላንሣ። ጣና ከሐዋሳ ሐይቅ ከ30 እጥፍ በላይ ይሰፋል። በደንገል ታንኳ የሚያጠምዱ ሰዎች፥ በተለይም የወይጦ ማኅበረሰብ፥ ከዳር ብዙ ሳይርቁ ሲሠሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 የድኾች አጥማጆች ኑሮ እንዲሻሻል ታስቦ ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና የናይሎን መረብ ወደ ሐይቁ ገቡ። አሳቡ ቸር ነበር፤ ይህን የምለው ለይስሙላ አይደለም። ነገር ግን ላቤኦባርበስ የሚባሉት የጣና ዓሦች በክረምት እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራና እንደ ርብ ወዳሉ ወንዞች ሲጓዙ፥ በወንዙ አፍ መረብ ይጠብቃቸው ጀመር። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ተመራማሪዎች በሙከራ መረብ ሲለኩ፥ የእነዚህ ዓሦች ብዛት 75 በመቶ ያህል ወርዶ አገኙት። ከእነርሱም አብዛኞቹ ወገኖች ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። የእነዚያ ጀልባዎች ሞተር በባትሪ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ለዓሣው ምን ይለውጥለት ነበር? የያዘው ጭሱ አይደለም።

ወደ ሐዋሳ ልመለስ። በገበያችን ከሁሉ ይልቅ የሚፈለገው ቆሮሶ ነው፤ አምባዛና ቢልጫም አሉ። እናቲቱ ቆሮሶ እንቁላሏንና አዲስ የተፈለፈሉትን ልጆቿን በአፏ ውስጥ ይዛ ትጠብቃለች፤ በዚያም ጊዜ ምግብ እምብዛም አትቀምስም። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ክፍሉ ሁልጊዜ ጸጥ ይል ነበር። የምትራባውም ጥልቅ ባልሆነው ዳር፥ ፊላና ቄጠማ በበቀለበት አጠገብ ነው። ሞተሩ ፊላው ውስጥ ባይገባም (ክንፉ ይጠላለፋል)፥ ከአንዱ የፊላ አፋፍ ወደ ሌላው በአንድ ንጋት ብዙ ቦታ ያዳርሳል። ደግሞ በጾም ወራት ዓሣ ፈላጊ ሲበዛ፥ ነጋዴው በአሞራ ገደል ቆሞ ሲጠብቅ፥ ክንዱ ያልዛለ ሰው "ለዛሬ ይበቃኛል" የሚለውን ቃል ከየት ያመጣዋል?

ስለዚህ ልጁን አንድ ነገር ለመንሁት። "ሞተሩ ለመሄድና ለመመለስ ይሁንህ፤ መረብህን ግን ከዛሬው ቁጥር አታብዛ፥ ዓይኑንም አታጥብብ" አልሁት። እርሱም ሳይቆጣ፥ "ጋሼ፥ እኔ ስድስት ላይ ብቆም ጎረቤቴ አሥር ይጥላል። ዓሣው እንደሆነ ያው ያልቃል፤ የሚራቡት የእኔ ልጆች ብቻ ይሆናሉ" ሲል መለሰልኝ።

ይህን መልስ በቀላሉ ዘሎ የሚያልፍ የግብረ ገብ ጸሐፊ ቢኖር አልቀናበትም። ልጁ እውነቱን ነው፤ የአንድ ሰው መታቀብ ሐይቅ አያድንም። በመጀመሪያ፥ ከስርቆት የሚርቅ ሰው ሌባ ከምድር ይጠፋል ብሎ እንዳልሆነ ልነግረው አሰብሁ፤ ግን ምሳሌው ያነክሳል። ስርቆት የሌላውን መውሰድ ነው፤ የሐይቁ ዓሣ ግን የእርሱም ነው፥ የጎረቤቱም ነው፥ ገና ያልተወለዱትም ነው። የሁሉ የሆነውን ዕዳ በአንድ ድኻ ጫንቃ ላይ መጫንና ካልተሸከመው መውቀስ ፍርድ አይደለም። ሕግም አለን፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል፤ ነገር ግን ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት በእያንዳንዱ ጀልባ ኋላ የሚቀመጥ የመንግሥት ሰው የለም።

በዚህ ነገር ትምህርት ያገኘሁት ከአንዲት አሜሪካዊት ሊቅ ነው። ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ2009 በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት የተቀበሉ ሲሆኑ፥ በ1990 ባሳተሙት መጽሐፍ የአላኒያን አጥማጆች ታሪክ ጽፈዋል። አላኒያ በቱርክ አገር በባሕር ዳር ያለች ከተማ ናት። መቶ የሚያህሉ አጥማጆቿ በመልካሞቹ ቦታዎች ምክንያት ሲጣሉ ኖረው፥ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አንድ ሥርዓት አበጁ። በየመስከረሙ የሰዎቹ ስም ይጻፋል፥ የቦታዎቹም ስም ይጻፋል፥ ዕጣ ይወጣል። ከዚያም እያንዳንዱ በየቀኑ ወደ ምሥራቅ አንድ ቦታ ይዘዋወራል፤ ከጥር ጀምሮ እስከ ግንቦት ደግሞ ወደ ምዕራብ ይመለሳል። ስለዚህ መልካሙ ቦታ ለሁሉም በተራው ይደርሰዋል። ጠባቂ አላስፈለጋቸውም፤ ተራው የደረሰ ሰው ሌሊት ተነሥቶ እዚያው ስለሚገኝ ሌላ ሊገባበት አይችልም። እነዚህ ሰዎች ቅዱሳን አልነበሩም፤ በቡና ቤት ተቀምጠው ይጨቃጨቁ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ያደረጉት ነገር ልኩን ከክንድ ወደ ቃል ማዛወር ነው። ለሐዋሳ የጎደለውም ይህ ይመስለኛል።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ፥ በዮሐንስ ወንጌል የተያዙት ዓሦች 153 መሆናቸው ለምን እንደ ተጻፈ መምህራችን ጠይቆን ነበር። ሁላችንም ምሥጢራዊ ትርጓሜ ፈለግን። ዛሬ ዓሣ አጥማጆችን በየማለዳው ካየሁ በኋላ የሚመስለኝ ቀላል ነገር ነው፤ ከጓደኛው ጋር የሚካፈል ሰው ይቆጥራል።

ዋስትናውን ፈረምሁ። ስለ መረቡ ቁጥር በጽሑፍ ምንም አላስገባሁም፤ ብድር ከሚለምን ሰው የሚወሰድ ተስፋ ስምምነት አይባልም፤ አንዱ ወገን እንቢ ማለት አይችልምና። ይልቁንስ ነገሩን በአጥማጆች ማኅበሩ ፊት እንዲያነሣው ጠየቅሁት፤ ለአንድ ጀልባ ስንት መረብ ይበቃል፥ የፊላው ዳርስ በየትኛው ወር ይታለፋል የሚለውን። ሊቀ መንበሩ መጀመሪያ አልወደደም፤ ሌሎች ሁለት አባሎችም ሞተር ሊገዙ ዋጋ እየጠየቁ መሆናቸውን በሰማ ጊዜ ግን እሺ አለ።

ባለፈው ሳምንት ልጁ ከዳር ሲያገኘኝ መረቡ ሰባት መሆኑን ነገረኝ። ዓይኔን እያየ ነው የነገረኝ፤ የብድሩ ወርኃዊ ክፍያ ደርሶበት ነበር። ምንም አልመለስሁለትም። ስብሰባው የተቆረጠው ከፋሲካ በኋላ ለሁለተኛው ቅዳሜ ነው፤ አባትየውም በባጃጅ እመጣለሁ ብሏል። እኔን ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ጠርተውኛል፤ ጥበብ አለው ብለው አይደለም፥ ጽሕፈቴ ስለሚነበብ ነው።