የትንንሾቹ ፍጥረታት ምስክር

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ጣርማ በርን ተሻግሮ ከደብረ ሲና ቁልቁል ሲወርድ ደጋው ብዙም ሳይቆይ ቆላ ይሆናል። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ገብሱና ባቄላው ቀርቶ ማሽላ፣ ማሾና ቀይ ሽንኩርት ይታያል። እንዲህ ያለው ቆላ የትንንሽ ፍጥረታት አገር ነው። ሰብሉ ሲያብብ ንቡና ተርቡ፣ ምድሩ ሲደርቅ ምስጡና ሸረሪቱ አይታጣም። የቅርብ ማንሻ ሌንስ ገዝቶም ሆነ በስልኩ ብቻ፣ መተዳደሪያው ሌላ ሆኖ ሳለ በትርፍ ጊዜው እነዚህን ፍጥረታት እያጎላ የሚያነሳ፣ ያነሳውንም ከመሰሎቹ ጋር እየተመለከተ የሚወያይ ሰው ዛሬ በአገራችንም አለ። የዚህ ሰው ሥራ በእምነት ዓይን ሲታይ ምንድን ነው? ጊዜ ማሳለፊያ ነው? ምስጋና ነው? ወይስ የራሱ ያልሆነውን መውሰድ? እኔ ምስክርነት ነው እላለሁ። ምስክርነት ከሆነ ደግሞ የምስክር ሕግ ይገዛዋል፤ ያላየውን አይጨምርም፣ ያየውን አይለውጥም፣ የሚመሰክርለትንም አይጎዳም።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሥነ ፍጥረት ትምህርት በስድስቱ ቀናት የተፈጠሩትን 22 ፍጥረታት ሲዘረዝር ከሰውና ከመላእክት በቀር ያሉት ለምን እንደተፈጠሩም ያስተምራል፦ ለአንክሮና ለተዘክሮ (ለመደነቅና ለማስታወስ)፣ ለምግበ ሥጋና ለምግበ ነፍስ። የዚሁ ቆላ የይፋት ሙስሊም ልጅ በቁርኣን ቤት የሚቀራው መጽሐፍ ደግሞ በንብ፣ በጉንዳንና በሸረሪት የተሰየሙ ምዕራፎች አሉት። በሁለቱም ዘንድ ትንሹ ፍጥረት ሰውን ወደ ፈጣሪው የሚያመለክት ምልክት ነው። ነገር ግን ምልክት ለመሆን መጀመሪያ ራሱን መሆን አለበት። ከግሪክ ወደ ግእዝ ከጥንት የተመለሰው ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍ የጉንዳን አንበሳ ስለሚባል እንስሳ ይናገራል። አባቱ አንበሳ፣ እናቱ ጉንዳን ስለሆነች ሥጋም ጥሬም መብላት ተስኖት በረሃብ ይሞታል፤ የሁለት ልብ ሰውም እንዲሁ ነው ይላል ትርጓሜው። ዛሬ በዚህ ስም የምትጠራው ፍጥረት ግን እንደ ይፋት ባለ ቆላ፣ ደረቅና ልል አሸዋ ላይ የምትኖር የነፍሳት ዕጭ ናት። ታቹ የጠበበ ጉድጓድ ትቆፍራለች፤ ከሥሩ ተደብቃ ጉንዳን እስኪገባ ትጠብቃለች፤ ለመውጣት የሚታገለውን ጉንዳን አሸዋ እየወረወረች ታወርደውና በመንጋጋዋ ትመጠዋለች። አድጋ ክንፍ ስታወጣ የውኃ ተርብ መሳይ ቀጭን በራሪ ትሆናለች። በረሃብ የምትሞት አይደለችም። የጥንቱ ጸሐፊ ምክር ስለ ሰው ልብ እውነት ሊሆን ይችላል፤ እኔም አልነቅፈውም። ይሁን እንጂ አንክሮው ያረፈው በፍጥረቷ ላይ አልነበረም። ፈጣሪ የሠራት ይህችን ቆፋሪ ከሆነ፣ እሷን ሳያዩ ሌላ ፈጥሮ መደነቅ የራስን ሐሳብ ማድነቅ ነው።

ሐሳቤን ከሚገጥሙት ተቃውሞዎች ከምስል ጋር የተያያዘው ከባድ ነው። ነፍስ ያለውን ነገር መሣል በእስልምና ሊቃውንት ዘንድ ሲያከራክር የኖረ ጉዳይ ነው፤ የክርክሩ እምብርትም ሠዓሊው የፈጣሪን ሥራ ሊፎካከር ይሞክራል የሚለው ስጋት ነው። ፎቶግራፍ ሲመጣ ከ1914 እስከ 1920 እ.ኤ.አ. የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሙሐመድ በኺት አል ሙጢዒ ካሜራው አዲስ ነገር አይፈጥርም፣ ያለውን ጥላ ይይዛል እንጂ ብለው ፈቀዱ። ሁሉም አልተስማማም፤ ዛሬም የሚከለክሉ አሉ። ከዚህ ክርክር ለእኔ የሚበልጥብኝ ግን ፍርዱ የቆመበት ምክንያት ነው። ፎቶው የተፈቀደው ስላልፈጠረ ከሆነ፣ አንሺው መፍጠር በጀመረ ጊዜ ምክንያቱ ይፈርሳል። የከላካዮቹ ስጋት ያን ጊዜ በከንቱ የመጣ አይደለም። ስለዚህ ይህ ተቃውሞ ሐሳቤን አያፈርሰውም፤ እንዲያውም ወሰኑን ያሳየዋል።

ምስክር ሲጎድል ምን እንደሚሆን ይኸው የሸዋ ቁልቁለት ያሳያል። በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ጣሊያናውያን ሰብሳቢዎች ከዚህ አገር ከወሰዷቸው የወፍ ቆዳዎች መካከል ጉሮሮዋ ላይ ቢጫ ምልክት ያላት አንዲት ትንሽ ጥሬ በል ወፍ ነበረች፤ ጣሊያናዊው የወፍ ተመራማሪ ሳልቫዶሪ በ1888 እ.ኤ.አ. ስም አወጣላት። ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ያህል የሚያያት ጠፋ። በእጅ የነበሩት ጥቂት ቆዳዎች ብቻ ስለነበሩ፣ ራሷን የቻለች ዝርያ ሳትሆን የሁለት ሌሎች ወፎች ዲቃላ ናት እስከ መባል ደረሰች። እ.ኤ.አ. በ1989 እንደገና ታየች፤ ዛሬ ወፍ ተመልካቾች ከአንኮበር ቁልቁል በአልዩ አምባና በመልካ ጅብዱ በኩል ይፈልጓታል። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ወፏ እዚያው ቁጥቋጦ ውስጥ ትኖር ነበር፤ የአካባቢው እረኛም ሳያያት አይቀርም። የጠፋው ያየውን ከቀንና ከቦታ ጋር አድርጎ ለሌሎች የሚያቀርብ ሰው ነው። እንደ እኔ ከሆነ የተዘክሮ ሥራ ይህ ነው፤ በትርፍ ጊዜው ካሜራ የያዘ ሰው ከማንም ይልቅ የሚችለውም ይህንኑ ነው።

ሌንሱ ራሱ ይዋሻል የሚል ሰው እውነት አለው። አንድ ጥንዚዛ በሙሉ ስፋት ሲጎላ መጠኑ ይጠፋል። ቅጠሉ፣ አፈሩና ጎረቤቱ ሁሉ ከፍሬሙ ውጭ ይቀራል። ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ከአንድ ሚሊሜትር ሊያንስ ስለሚችል አንሺዎች በርካታ ፎቶዎችን ደራርበው አንድ ያደርጋሉ። መደራረቡ በግልጽ ከተነገረ ውሸት አይደለም። ውሸቱ ሌላ ቦታ ነው። የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በሚያዘጋጀው የዱር ሕይወት ፎቶ ውድድር እ.ኤ.አ. የ2009 አሸናፊ የነበረው የተኩላ ፎቶ፣ ተኩላው የለመደ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ተሰረዘ። እ.ኤ.አ. በ2018ም በምስጥ ኩይሳ ሥር የቆመ ጉንዳን በል እንስሳ ፎቶ፣ እንስሳው ሞቶ ቆዳው የተሞላ ነው ሲሉ ባለሙያዎች ስለደመደሙ ሽልማቱ ተሰረዘ፤ አንሺው ግን ክሱን አልተቀበለም። ነፍሳት ዝም ብለው እንዲቆሙ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገብተው የሚያደነዝዙም አሉ። የደነዘዘው ተርብ ፎቶ ሊያምር ይችላል፤ የተነሳው ግን የአንሺው ፈቃድ እንጂ የተርቡ ኑሮ አይደለም። እነዚህን ነገሮች የሚያጋልጠው በብዛት ውይይቱ ነው። አንዱ አበባውን ያውቃል፤ ሌላው እነዚያ ነፍሳት በዚያ ወር ክንፍ አያወጡም ይላል፤ ሦስተኛው እግሮቹ የታጠፉት ሞቶ ስለሆነ ነው ወይ ሲል ይጠይቃል። የመጻሕፍት መምህር አንድን ንባብ አንድም እያለ ሲፈታ የሚሆነውን ይመስላል፤ ልዩነቱ እዚህ ብዙው ትርጉም እየወደቀ አንዱ መቅረቱ ነው። ፎቶውን ለብቻው ይዞ ከመኩራራት ይልቅ ለሚያርሙት ማቅረብ የተሻለ የሚሆነው ለዚህ ነው። ጎጆዋ ውስጥ ያለች ወፍ ከሆነች ግን ቦታውን በዝርዝር መግለጽ አይገባም፤ ምስክርነቱ ከሕይወቷ አይበልጥም።

የመጨረሻውን ተቃውሞ ገበሬው ቢያነሳው ያምርበታል። በ2013 ዓ.ም. መኸር የበረሃ አንበጣ በሰሜን ሸዋና በወሎ ቆላዎች የደረሰ ማሽላ በልቷል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በቀን የ35,000 ሰው ቀለብ ያህል ሊበላ ይችላል። በዚያው ዓመት የአካባቢው ከተማ አጣዬ ተቃጠለች፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ውስጥ ነበር። እንዲህ ባለ አገር የአንበጣ ዓይን አጉልቶ ማድነቅ ጭካኔ አይሆንም? መልሱን ከጥቅም ልጀምር እችል ነበር። ለብቻው የሚኖረው የአንበጣ ኩብኩባ አረንጓዴ ነው፤ ሲበዙና የኋላ እግሮቻቸው ሲነካኩ ግን ጠባያቸው ይለወጣል፣ መልካቸውም ቢጫና ጥቁር ይሆናል፤ ይህንን ቀድሞ ቀርቦ ያየ ሰው መንጋው ሳይነሳ ሊናገር ይችላል። ሆኖም በጥቅም ብቻ ብከራከር ምግበ ሥጋን ይዤ አንክሮን እንደተውኩ ይቆጠርብኛል። ማሽላው የተበላበት ሰው አንበጣውን የማድነቅ ዕዳ የለበትም፤ ማንም አድንቅ ሊለው አይገባም። ዕዳው ካሜራውን በያዘው ላይ ነው። የአንበጣውን ዓይን የሚያሳይ ከሆነ የተላጨውን አገዳም ያሳይ፤ ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ማሳ ላይ የታዩ ናቸውና።