«ፈንግል ነው» ብሎ ዝም ማለት

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ዶሮ በድንገት ሲያልቅ ሰዉ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ስም አለ፤ ፈንግል። ዶሮዋ ክንፏን ጥላ፣ ዓይኗን ጨፍና ታንቀላፋለች፤ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ቤቱ ባዶ ይቀራል። ባለቤቲቱ ታዲያ ያልሞቱትን እግራቸውን አስራ ገበያ ታወጣለች። ነገሩ የተለመደ ስለሆነ ማንም ነውር አይለውም።

ነገር ግን ፈንግልና ኃይለኛው የወፍ ጉንፋን በዓይን አይለዩም። ለመለየት ከጉሮሮና ከኩስ መውጫ ናሙና ተወስዶ፣ ቅዝቃዜው ሳይጠፋ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። ከማርቆስ ሰበታ ላለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ለመድረስ የዓባይን በረሃ መሻገር ግድ ነው። የዱር ወፎች ነገር ደግሞ ይብሳል፤ ብርዱን ሸሽተው ጣና ላይ ከሚያርፉት ዳክዬዎች መካከል ቫይረሱን ተሸክሞ ሳይታመም የሚበር ሊኖር ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያዋ መርማሪ ያቺው አምስት ዶሮ ያላት እናት ናት። እሷ ዝም ካለች ሰበታ የሚደርስ ናሙና የለም።

ታዲያ ዝም ማለት ይፈቀድላታልን? የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) የታመሙ ግመሎች ባለቤት ከጤነኞቹ ጋር እንዳይቀላቅል አዘዋል፤ የረጠበውን እህል ከሥር ደብቆ ደረቁን ከላይ ያሳየውንም ነጋዴ ገሥጸዋል። «ሳትሞት ከታረደች ሐላል ናት» የሚል መልስ ሰምቻለሁ። ጥያቄው ስለ ሥጋዋ ሳይሆን ለገዢው ስላልተነገረው ነገር ነው። ለዚያውም እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ በኤች5ኤን1 መያዛቸው ከተመዘገበ ከ900 በላይ ሰዎች ግማሽ ያህሉ ሞተዋል፤ በርካቶቹ የተያዙት የታመመ ዶሮ ሲነኩ፣ ሲያርዱና ሲነጩ ነው።

እስከዚህ ድረስ ፍርዱ ቀላል ይመስላል። ይሁንና በ1998 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውስ። በሽታው ናይጄሪያ፣ ግብፅና ሱዳን በገባበት በዚያ ዓመት በአገራችን በአንድ የመንግሥት ዶሮ ማባዣ ጣቢያ ዶሮዎች አለቁና ጥርጣሬ ተነሣ። ምርመራው የወፍ ጉንፋን አለመሆኑን አረጋገጠ፤ ሆኖም ከተሜው ዶሮ መብላት ፈርቶ ዋጋው ወርዶ ነበር። የከሰረው ማን ነው? አንዳች በሽታ ያላየችው የገጠር እናት! በግብፅም ካሳ ያላገኙ ብዙ ቤተሰቦች በየጣሪያቸው የሚያረቧቸውን ዶሮዎች ከመርማሪ ደብቀዋል።

እውነቱን ስትናገር የምንድነው እኛ ከተሜዎች ነን፤ የምትከስረው ግን እሷ ብቻ ናት። እንዲህ ያለውን አማና በአንድ ወገን ትከሻ ላይ ጭኖ ሌላውን ነፃ ማውጣት ፍትሕ አይደለም። የደበቀችውን ሴት ጥፋተኛ አይደለችም አልልም። ጥፋቱ የእሷ ብቻ ነው የሚለኝን ግን አልቀበለውም። የካሳውን ልክ ባለሙያዎች ይተምኑት፤ ገበያ ከምታገኘው እጅግ ካነሰ ግን የታመመችው ዶሮ ነገም እግሯን ታስራ ገበያ ትወጣለች።