የሚያስፈራ ትንቢትና የሚያሠራ ትንቢት

ሰው ነገ የሚሆነውን አስቀድሞ ለማወቅ መመኘቱ ከጥንት የነበረ ነው። ምኞቱም በራሱ ክፉ አይደለም፤ ገበሬ ደመናውን አይቶ ካልገመተ፥ እረኛም ጎርፉን ፈርቶ መንጋውን ከወንዝ ዳር ካላራቀ ቤቱ ይጐዳል። ነገር ግን ስለሚመጣው ነገር የሚነገረው ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለምና፥ የትኛውን ሰምተን እንድንነሣ፥ የትኛውንም ሰምተን እንድንተው መለየት ይገባናል።

በ2017 ዓ.ም. በመስከረም ወር መጨረሻ በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግማ ትናወጥ ጀመር። በታኅሣሥም ወር መናወጡ በረታ፤ በአዲስ አበባ ያሉ ፎቆች እስኪወዛወዙ ድረስ ተሰማ፤ በአፋርና በኦሮሚያ በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሡ። ይህ እውነት ነበር። ከእውነቱ ጋር ግን ባለቤት የሌለው ወሬ አብሮ ተነሣ፤ በዚህ ሌሊት በዚህ ሰዓት ታላቅ መናወጥ ይሆናል የሚል ድምፅ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ እኛ ዘንድ ሰቆጣ ድረስ መጣ።

በዚያ ሰሞን አንድ ሽማግሌ የልጅ ልጃቸውን ስልክ ይዘው መጥተው፥ «የኔታ፥ ይህ ነገር እውነት ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም አላውቅም ማለት አሳፍሮኝ፥ «ከእግዚአብሔር ቍጣ ማን ያመልጣል» ብዬ መለስሁላቸው። ቃሉ እውነት ነበር፤ ለጥያቄያቸው ግን መልስ አልነበረም። እርሳቸውም እንደ ማረጋገጫ ቈጥረውት በታኅሣሥ ውርጭ ከነቤተ ሰባቸው ደጅ አደሩ። ምድር አልተናወጠችም፤ ሕፃኑ ግን በብርዱ ታሞ ብዙ ቀን ተኛ። ያ መልሴ እስከ ዛሬ ይከሰኛል።

አንድ የተማረ ሰው፥ «ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ፀሓይ እንደ ቀለበት ሆና የምትታይበት ሰዓት አስቀድሞ ተነግሮ እንደ ተባለው ሆኖ የለምን? የፀሓይን ያወቁ የምድርን እንዴት ያጣሉ?» ይል ይሆናል። መልሱ በራሳችን ትምህርት ቤት ይገኛል። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው አበቅቴና መጥቅዕ ይዞ ገና ያልተወለዱ ሰዎች ፋሲካን የሚያከብሩበትን ቀን ይነግርሃል፤ የሚቈጥረው ዑደት ስላለው ነው። የፀሓይና የጨረቃም መንገድ እንዲሁ የተቈጠረ ነው። ከምድር በታች ያለው ዐለት ግን ለብዙ ዘመን ሲገፋና ሲሳብ ኖሮ በየትኛው ቀን እንደሚሰበር የሚያሳይ ቍጥር የለውም። ሊቃውንት የስምጥ ሸለቆውን መሰንጠቅ በየዓመቱ በሚሊሜትር ይለካሉ፤ መናወጥ የሚበዛበትንም ስፍራ ያመለክታሉ። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈረሰውና ካራ ቆሬን የጐዳው መናወጥ የደረሰው በዚያው ሸለቆ ጠርዝ ነው። የታላቅ መናወጥን ቀንና ሰዓት ግን አስቀድሞ የሚያውቅ ጥበብ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ሲደርስ፥ ቀኑን ቈርጦ የነገረን ማን ነበር?

እንግዲህ በመጻሕፍት የምናነባቸውን ትንቢቶች እንመልከት። ዮሴፍ የፈርዖንን ሕልም ከፈታ በኋላ እህል እንዲከማች መከረ። አጋቦስ ራብ እንደሚመጣ ሲናገር፥ የአንጾኪያ ምእመናን በይሁዳ ላሉት ወንድሞቻቸው እርዳታ ላኩ። የነነዌ ሰዎች ዮናስን ሰምተው ከክፋታቸው በተመለሱ ጊዜ የተነገረው ጥፋት ቀረላቸው። ትንቢቱ ሰሚውን ወደ ጎተራ፥ ወደ ምጽዋት፥ ወደ ንስሐ መራው፤ በደጅ አስቀምጦ አላስጨነቀውም።

እኛ የዋግ ሰዎች ልናፍርበት የሚገባም ነገር አለ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በሳህላ፥ በዝቋላና በአበርገሌ ዝናቡ አጠረ፤ በ2016 ዓ.ም. ሰውና ከብት ተጨነቀ። ያ መከራ በአንድ ሌሊት አልደረሰም፤ ምንጩ ሲጐድል፥ ከብቱ ሲከሳ፥ እህሉም በገበያ ሲወደድ ቀስ ብሎ ምልክቱን እያሳየ መጣ። በልጅነታችን የ1977ቱን ራብ ላየን ለእኛ ምልክቱ እንግዳ አልነበረም። ስለ ምድር መናወጥ የተወራውን በአንድ ሌሊት ያዳረስን ሰዎች ግን ለዚህ ምልክት እንዲያ አልሮጥንለትም። ስለ ምን? የመጀመሪያው ፍርሃትን ብቻ ሲጠይቀን፥ ሁለተኛው እህላችንን ስለ ጠየቀን ይመስለኛል።

ቀን መቍረጥ ካስፈለገ፥ በ2007 ዓ.ም. በከተማችን ስም የተሰየመው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ቀን ቈርጧል፤ እስከ 2022 ዓ.ም. ድረስ የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት። እንዲህ ያለው ቀን የሚጠበቀው በሥራ ነው።

ስለዚህ ካህናት ወንድሞቼ፥ ምእመናን መጥተው ሲጠይቁን የማናውቀውን አላውቅም ለማለት አንፈር። ማን ተናገረው? በምን ዐወቀው? ምንስ እንድንሠራ ያዘናል? ብለን አብረን እንመርምር። እነዚያ ሽማግሌ ዛሬ ቢመጡ እንዲህ እላቸዋለሁ፦ «አባቴ፥ ቀኑን እኔም አላውቀው፥ የላከልዎም ሰው አያውቀው። ይግቡና ከልጆቹ ጋር ይተኙ። ሲነጋ ያዘመመውን ግድግዳ እንደግፋለን፤ ከጎተራዎም ለሌለው ጎረቤት የሚተርፍ እንዳለ አብረን እናያለን።»

እግዚአብሔር ከመቅሠፍት ይሰውረን፤ ለምናየውም ችግር የምትሠራ እጅ ይስጠን።