ለተራበው እንጀራን በሥርዓት ስለ ማደል

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ የክርስቲያን ምግባር በጾምና በጸሎት ብቻ አይፈጸምም፤ ለተራበው ወንድም እንጀራ በመስጠትም ይፈጸማል እንጂ። ይህን የማያውቅ በመካከላችን የለም። ነገር ግን ምጽዋት ርኅሩኅ ልብን ብቻ ሳይሆን ትምህርትንም እንደሚፈልግ የምናስብ ጥቂቶች ነን። ስለዚህ በዚህች አጭር ጽሑፍ፥ ለድኾች ምግብ የሚያድሉ ማኅበሮች ምን ማወቅና ምን መያዝ እንደሚገባቸው በትሕትና ልናሳስባችሁ ወደድን።

በምንጃር ሸንኮራ ያለችውን የአረርቲን ከተማ አስቡ። እግዚአብሔር ምድሪቱን ባርኳታል። የምንጃር ጤፍ በአዲስ አበባ ገበያ የተመሰገነ ነው፤ ከደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር የወጣ አንድ የሽምብራ ዘርም በከተማይቱ ስም «አረርቲ» ተብሎ ይጠራል። መከሩ ገብቶ በአውድማው ላይ እህሉ ተከምሮ ያየ መንገደኛ፥ በዚህ አገር የሚራብ ሰው አለ ቢሉት አያምንም። ሆኖም ከዚያው አውድማ ብዙ ሳይርቅ ባልዋ የሞተባት ሴት ባዶ ማድጋዋን ታቅፋ ትቀመጣለች፤ እርሻ የሌለው የቀን ሠራተኛም ታምሞ በተኛ ጊዜ ልጆቹ እራት ሳይበሉ ያድራሉ። እህል በሞላበት አገር ሰው የሚራበው እህል ስለ ጠፋ አይደለም፤ እህሉን ወደ እርሱ የሚያደርሰው መንገድ ስለ ጠፋ ነው።

ሰው በሞተ ጊዜ በአገራችን የሚሆነውን ተመልከቱ። የዕድሩ ጡሩምባ ይነፋል፤ ድንኳኑ ይተከላል፤ ድስቱና ሳህኑ ከዕቃ ቤት ይወጣል፤ ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ የመጣውንና የቀረውን ይጽፋል፤ ገንዘብ ያዡም የተወሰነውን ይከፍላል። ለሐዘንተኛው ቤት ማን እንጀራ ያምጣ ተብሎ ክርክር አይነሣም፤ ሁሉ ተራውን ያውቃልና። ሰው በተራበ ጊዜ ግን ጡሩምባ አይነፋም፥ መዝገብም አይገለጥም። በበዓል ቀን አንድ ባለጠጋ ዳቦ አስጭኖ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይመጣል፤ ብርቱው ተጋፍቶ ሁለት ጊዜ ይቀበላል፤ ዕውሩና አሮጊቲቱ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ፤ በማግሥቱም ሁሉም ይራባሉ። እንግዲህ ለሞተው ወንድማችን ያለን ሥርዓት ለሚራበው ወንድማችን የለንም። ይህ ነገር በእግዚአብሔር ፊት ሊያሳፍረን ይገባል።

በሐዋርያት ሥራ በ6ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን አስተውሉ። በኢየሩሳሌም የነበሩት ምእመናን ፍቅር አልጐደላቸውም፤ መሬታቸውን እየሸጡ ዋጋውን በሐዋርያት እግር አጠገብ ያኖሩ ነበር። እንዲህ ያለ ፍቅር በነበረበት ቤት እንኳ፥ በየቀኑ ምግብ ሲታደል አንዳንድ መበለቶች ተረሱ፤ ማጉረምረምም ሆነ። የተረሱትስ እነማን ነበሩ? የግሪክን ቋንቋ የሚናገሩት፥ በዚያች ከተማ እንደ እንግዳ የሚቈጠሩት ናቸው። ከአዳዩ ጋር ዝምድና የሌለው ሰው ከማዕዱ መጨረሻ እንደሚገኝ ከዚህ እንማራለን። ሐዋርያትም ሕዝቡን ሰብስበው ፍቅር ጨምሩ ብለው ብቻ አላሰናበቱም፤ ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። የተፈለገባቸውም ነገር ሦስት ነው፤ በሰው ዘንድ መልካም ምስክርነት፥ መንፈስ ቅዱስ፥ ጥበብም። ጥበብ ከመንፈስ ጋር አብራ እንደ ተጠራች ልብ አድርጉ። እንግዲህ እንጀራ የሚያድል ሰው ጥበብን ሊማር ይገባዋል።

ይህ ጥበብ ምንድር ነው? በአራት ክፍል እንናገረው።

መጀመሪያው፥ የተራበውን በስሙ ማወቅ ነው። ችግረኛውን የሚያውቁት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ ማኅበሩ የድኾችን መዝገብ ለአንድ ሰው ብቻ አይስጥ፤ ከየሰፈሩ የታመኑ ወንዶችና ሴቶች ተቀምጠው፥ የእያንዳንዱን ቤት ነፍስ ቈጥረው ይጻፉት፤ የተጻፈውም በጉባኤ ይነበብ፥ የተረሳ እንዳለም ይጠየቅ። ከሁሉ በፊት በአልጋ የተኛውን፥ መለመን የሚያፍረውን፥ ከሌላ አገር የመጣውን ፈልጉ። ባለፉት ዓመታት ከወለጋ የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎች ወደ ደብረ ብርሃን መጥተው በመጠለያ ተቀምጠዋል። እንዲህ ያለው ሰው የቀድሞ ዕድሩን፥ ጎረቤቱንና እርሻውን ትቶ የመጣ ነው፤ ማን በመዝገብ ይጽፈዋል?

መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በአረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፥ በመሠራት ላይ ባለው ሕንጻ የቆመው የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ፥ ለበዓሉ ከተሰበሰቡት ምእመናን ቢያንስ 36 ሰዎች ሞቱ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። በእንዲህ ያለ ሐዘን ጎረቤት እንጀራ ይዞ መግባቱ የአገራችን መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ድንኳኑ ከተነሣ፥ አርባውም ካለፈ በኋላ፥ እናት ወይም አባት ያጣ ልጅ ምን እንደሚበላ የሚጠይቅ ማን ነው? እንባ ቶሎ ይደርቃል፤ ረኃብ ግን በየቀኑ ይመለሳል። መዝገብ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው፤ ልባችን የረሳውን ወረቀቱ ያስታውሰናልና።

ሁለተኛው፥ ልክን ማወቅ ነው። የተራድኦ ማኅበሮች በአንድነት ባወጡት፥ በ2018 በአውሮፓ አቆጣጠር ለመጨረሻ ጊዜ ታርሞ በታተመው «ስፊር» በተባለው መመሪያ፥ ለአንድ ሰው በቀን በአማካይ 2,100 ካሎሪ የሚሰጥ ምግብ እንዲታሰብ ተጽፏል። በአገራችን በችግር ጊዜ ሲታደል የኖረው ልክም ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፥ አንድ ኪሎ ተኩል ጥራጥሬ፥ ወደ ግማሽ ሊትር የሚጠጋም ዘይት ነው። ይህን የሚያውቅ ማኅበር ሒሳቡን አስቀድሞ ይሠራል። አምስት ነፍስ ላለበት ቤት በወር 75 ኪሎ እህል ያስፈልጋል፤ አንድ ኩንታልም ስድስት ሰው ወሩን አድርሶ 10 ኪሎ ይተርፈዋል። ሒሳቡን የማያውቅ ግን በመጀመሪያው ሳምንት በእፍኝና በቁና እየሰፈረ ለሁሉ ይበትናል፤ በሦስተኛው ሳምንት ጎተራው ባዶ ሆኖ በደጁ የቆሙትን በሐፍረት ያሰናብታል። ዮሴፍ በግብፅ ሰባት የጥጋብ ዓመታት ከምርቱ አምስተኛውን እጅ ያከማቸው በልክና በሒሳብ ነበር። ጌታችንም አምስቱን ሺህ ሰዎች ባበላ ጊዜ፥ ሕዝቡ መቶ መቶና አምሳ አምሳ ሆነው በየተራ እንዲቀመጡ አድርጓል፤ የተረፈውም ቍርስራሽ እንዳይጠፋ አሰብስቧል። ተአምር ማድረግ የሚችለው ጌታ ሥርዓትን ካልናቀ፥ እኛ እንዴት እንንቃት?

ሦስተኛው፥ ምግቡን ራሱን ማወቅ ነው። እህል በመሬት ላይ በቀጥታ ቢቀመጥ እርጥበት ይጠጣል፥ ይሻግታልም፤ ስለዚህ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት መደብ ላይ፥ ከግድግዳም ራቅ ተደርጎ ይከመር። አስቀድሞ የገባው አስቀድሞ ይውጣ። ሽምብራና ባቄላ ነቀዝ የሚወዳቸው ናቸውና በየጊዜው ይታዩ። ደግሞ የርካሽ ነገር ጉዳት እንዳለው እወቁ፤ ጓያ በዝናብ እጥረትም ስለሚበቅል በችግር ዘመን የድኻ ምግብ ይሆናል፤ ነገር ግን ለብዙ ወራት ዋና ቀለብ የሆነ እንደ ሆነ እግርን ያሽመደምዳል። ጓያን ብቻ ለድኻ የሚያከፋፍል ሰው ሆዱን ሞልቶ እግሩን ሊያሳጣው ይችላል። በረኃብ እጅግ የከሳ ሕፃንም በተገኘ ጊዜ ደስ ብሎን ብዙ አናጕርሰው፤ የደከመ ሰውነት ድንገተኛ ጥጋብን አይችልምና ሊሞት ይችላል። ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፥ ሐኪሞችም በጥቂት በጥቂቱ ይመግቡት።

የሚታደልበትም ቦታ ይታሰብበት። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኮረምና በባቲ ሕዝቡ እህል ፍለጋ ከሩቅ ተጕዞ በአንድ ሜዳ ተሰበሰበ፤ ብዙዎችንም ከረኃቡ ጋር ብርድና ተስቦ ገደላቸው። ስለዚህ እህሉ ወደ ሰው ቢቀርብ ይሻላል፤ ሰውም በፀሐይ ቆሞ እንዳይውል ቀኑና ሰዓቱ አስቀድሞ ይነገረው፤ እርጉዝና ሽማግሌ በፊት ይቀበሉ።

አራተኛው፥ መታመን ነው። በ2015 ዓ.ም. ለተራቡት የመጣ ስንዴ በገበያ ሲሸጥ ስለ ተገኘ፥ የአሜሪካ መንግሥት የተራድኦ ድርጅትና የዓለም የምግብ ፕሮግራም አስቀድመው በትግራይ፥ ኋላም በሰኔ ወር በኢትዮጵያ ሁሉ እደላውን አቆሙ። እንደገና በሰፊው የተጀመረው በ2016 ዓ.ም.፥ የተረጂዎች መዝገብና የቍጥጥሩ ሥርዓት ከታደሰ በኋላ ነው። ወንድሞች ሆይ፥ የሰረቁት ሌሎች ነበሩ፤ የተራቡት ግን ሌሎች ነበሩ። አንድ ሌባ ከጎተራ የሚወስደው ጆንያ ብቻ አይደለም፤ ለሚመጣው ዓመት የሚሰጠውን ሰው እምነትም ይወስዳል። ቅዱስ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድኾች ገንዘብ ባሰባሰበ ጊዜ፥ ሐዋርያ ሆኖ ሳለ ብቻውን አልያዘውም፤ ማንም እንዳይነቅፋቸው ሌሎች የተመሰከረላቸውን ወንድሞች ከእርሱ ጋር አቆመ። ይህም በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት በ8ኛው ምዕራፍ ይገኛል። ጳውሎስ ያላፈረበትን ቍጥጥር የእኛ ማኅበር ሹም ቢያፍርበት ጥፋቱ የራሱ ነው።

ምናልባት አንዱ፥ «ምጽዋት በስውር ይሁን ተብሎ የለምን? መዝገብና ምስክር ለምን?» ይል ይሆናል። አዎን፥ የሰጪው ስም ይሰወር፤ የተሰጠው እህል ሒሳብ ግን አይሰወር። ድኻውም በአደባባይ እንዲታይና እንዲያፍር አይደረግ፤ ፎቶግራፉም ለውዳሴ አይነሣ። ስውር ምጽዋት የሰውን ክብር ይጠብቃል፤ ስውር ሒሳብ ግን ሌባን ይጠብቃል።

ሌላውም፥ «ይህ የታላላቅ ድርጅቶች ሥራ ነው፥ እኛ ምን አለን?» ይላል። እነዚያ ድርጅቶች ሁልጊዜ እንደማይቆሙ አይተናል፤ ለብዙ ዓመታት ስንዴ ሲልክ የኖረው ያ የአሜሪካ ድርጅት በ2017 ዓ.ም. ራሱ ተዘግቷል። ከሩቅ የሚመጣ እንጀራ ሊቀር ይችላል፤ በአጠገባችን ያለው ረኃብተኛ ግን የትም አይሄድም። ለሥራውም የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም፤ የታረመ ሚዛን፥ ሁለት መዝገብ፥ ይኸውም የገቢና የወጪ፥ የእንጨት መደብ፥ ሁለት ቍልፍ ያለው በር፥ ቍልፎቹንም የሚይዙ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ድስቱና ድንኳኑ በዕድር ቤት አለ። አስተማሪም ሩቅ አይደለም፤ የእርሻ ባለሙያው የእህል አጠባበቅን፥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሕፃናትን አመጋገብ፥ በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም የበጎ ፈቃድ ሰዎችን ሥራ ማስተማር ይችላሉ። ከመከር በፊት ጥቂት ቀን ተቀምጦ መማር ከብዙ ወር ጸጸት ያድናል።

እናንተ ተማሪዎች ሆይ፥ በዚህ ሥራ የእናንተ ድርሻ ታላቅ ነው። የምትሰጡት እህል ባይኖራችሁ መጻፍና ማስላት ተሰጥቷችኋል። የአንዲት መበለት ስም በትክክል ጽፎ ልኳን አስልቶ መስጠት፥ ከጆንያ እህል የማያንስ ምጽዋት ነው። እናንተ የከተማ ሰዎች ደግሞ፥ በሚመጣው የዕድር ጉባኤ ተነሥታችሁ ይህን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «ለሞተ ወንድማችን የምንነፋውን ጡሩምባ፥ ገና በሕይወት ሳለ ለሚራበው ስለ ምን አንነፋም?» መልሱ በዚያው ጉባኤ ቢገኝ፥ መዝገቡም በዚያው ቀን ቢከፈት፥ በመጪው ክረምት በሰፈራችሁ ሳይበላ የሚያድር ልጅ ይቀንሳል።

በምድረ በዳ ሕዝቡን በሥርዓት አስቀምጦ ያበላ ጌታ፥ ለእጃችን ልግስናን፥ ለልባችን ርኅራኄን፥ ለአእምሮአችን ጥበብን ይስጠን፤ በአደራ የተሰጠንንም እንጀራ ሳናጐድል ለባለቤቱ ለድኻው እንድናደርስ ይርዳን። አሜን።