መልክና ልክ
የአሮጌ መኪና መሪ ስለ መለወጥ

የሰው እጅ የሠራው ሁሉ ያረጃል፤ ያረጀውም ነገር ዕጣው ሁለት ነው፥ ወይ ይጣላል፥ ወይ ይጠገናል። መጣል ቀላል ነው፤ ጥገና ግን ጥያቄ ያስከትላል። ይኸውም፥ በአሮጌው ፋንታ የገባው ምትክ እንደ ምን ያለ ሲሆን እውነተኛ ይባላል፥ እንደ ምን ያለስ ሲሆን ማታለል ይሆናል የሚል ነው። ነገሩ የፈላስፎች ብቻ መስሎ ቢታይም፥ በጋራዥ ውስጥ በየዕለቱ በመፍቻና በዳዶ የሚፈረድ ነው።

ይህን ለመመርመር የሐረር ከተማ የተመቸች ናት። የጁገል ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን ተሠርቶ፥ ከዚያ ወዲህ ድንጋዩ ሲወድቅ ሲተካ፥ በውስጡ ያሉት ቤቶችም ሲመረጉና ሲለሰኑ ኖረው፥ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ልስኑ የዘንድሮ ነውና ይህ ጁገል አይደለም የሚል ሰው የለም። በጁገል ውስጥ ያለው መተላለፊያ ለሰውና ለአህያ የተለካ ጠባብ ስለ ሆነ፥ መኪና የሚገባው ከሐረር በር ወደ ፈረስ መጋላ በሚወስደው በሰፊው ጎዳና ነው። በዚያ ጎዳና ታክሲ ሆነው ብዙ ዘመን ካገለገሉት መኪናዎች መካከል ስሙ የታወቀው ፔጆ 404 ነው። ይህ መኪና በፈረንሳይ አገር እ.ኤ.አ. በ1960 መሠራት ጀምሮ፥ የቤት መኪናው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1975 በዚያው አገር መሠራቱ ቀርቷል። ስለዚህ አንዱ ዕቃ በተሰበረ ጊዜ ባለቤቱ ከፋብሪካ አዲስ አስመጣለሁ ማለት አይሆንለትም።

ከመኪናው ክፍል ሁሉ ሾፌር እጁን የማያነሣበት መሪው ነው። ክቡ በፀሐይና በዕድሜ ብዛት ይሰነጠቃል፤ ሲሰነጠቅም እጅ ይቆርጣል። እንግዲህ ባለቤቱ ከወደቀ መኪና የተፈታ መሪ፥ ወይም ለሌላ ዓይነት መኪና የተሠራ ያማረ መሪ ገዝቶ ወደ ጋራዥ ይሄዳል። ፈተናው የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ዐዋቂ ባለ እጅ ሥራውን በችኮላ አይጀምርም። አስቀድሞ የፊት ጎማዎችን ቀጥ አድርጎ ያቆማል፤ የባትሪውን ሽቦ ይነቅላል፤ የክላክሱን ክዳን አንሥቶ ከሥሩ ያለውን ዳዶ ያገኛል። ዳዶውን ያላላዋል እንጂ ፈጽሞ አያወጣውም፤ ተጣብቆ የኖረው መሪ በድንገት ሲለቅ ወደ ፊቱ እንዳይወረወር ነው። በመሳቢያም እኩል እኩል ይስበዋል እንጂ መዶሻ አያነሣበትም፤ ምታቱ ወርዶ ዘንጉንና ኩሽኔታውን ይጎዳልና። ከዚህ በኋላ ዋናው ምርመራ ይመጣል። የመሪው ዘንግ ራስ ዙሪያውን ጥርስ አለው፤ የመሪውም እምብርት ከውስጥ እንዲሁ። የጥርሱ ቍጥር፥ ስፋቱና ጥልቀቱ አንድ ለአንድ መግጠም አለበት፤ ቢጠብ በመዶሻ ይግባ፥ ቢሰፋ በቆርቆሮ ይሞላ ማለት የለም። የገጠመ እንደ ሆነ ዳዶው በተለካ ኃይል ይጠብቃል፥ እንዳይላላም ሮንዴላው ይገባለታል። በመጨረሻ መኪናው በዝግታ ተነድቶ፥ መሪው ቀጥ ሲል ጎማውም ቀጥ ማለቱ ይታያል።

የክቡም ስፋት ቢሆን ሒሳብ አለው። 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት የነበረው መሪ በ36 ሳንቲ ሜትር ቢለወጥ፥ ቀድሞ 9 ኪሎ ኃይል ይበቃው የነበረው መታጠፊያ 10 ኪሎ ይጠይቃል። ትንሹ መሪ ለዓይን ያማረ ቢሆንም፥ ድካሙን የሚቀበለው የሾፌሩ ክንድ ነው።

እንግዲህ በመሪው ላይ ሁለት ነገር እናያለን፤ አንዱ መልክ ነው፥ ሁለተኛው ልክ ነው። መልክ ከሚለው ቃል ፊተኛው ፊደል ቢነሣ ልክ ይቀራል፤ ከልክ ላይ ግን አንድ ፊደል ቢነሣ የሚረባ ነገር አይተርፍም። በቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው። ተማሪ በጎደለው ስፍራ ድምፁ ያማረ ቃል አግብቶ ቤት መታልኝ ብሎ ደስ ይለው ይሆናል፤ መምህሩ ምሥጢሩን በጠየቀው ጊዜ ግን ለሰሙ የተመቸው ቃል ለወርቁ ሳይሆን ይቀርና ቅኔው ይፈርሳል። የሚያብረቀርቀው ክብ ሰም ነው፤ ከክዳኑ ሥር የተሰወረው ጥርስ ወርቅ ነው።

ፕሉታርኮስ የተባለው የግሪክ ጸሐፊ፥ የአቴና ሰዎች የቴሴዎስን መርከብ ሳንቃው በበሰበሰ ቍጥር አዲስ እየተኩ እንዳቆዩት፥ ፈላስፎችም ያው መርከብ ነው፥ አይደለም እያሉ እንደ ተከራከሩበት ጽፏል። ክርክሩ መልካም ነው። ነገር ግን በመርከቡ ተሳፍሮ ወደ ባሕር የሚወጣ ሰው የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ሳንቃው ያው ነውን አይልም፥ ውኃ ያስገባል ወይ ይላል እንጂ። ስለዚህ የምትክ እውነተኛነት የሚታወቀው ከየት በመምጣቱ ሳይሆን የቀደመውን አደራ በመሸከሙ ነው።

ምናልባት አንድ ሰው እንዲህ ይላል፤ ሾፌሩ ድኻ ነው፥ ልጆቹም የሚበሉት ከዚህ መኪና ነው፤ መኪናው አንድ ሳምንት ቢቆም ቤቱ ይራባል፤ ታዲያ ገንዘቡ የራሱ ሲሆን እንደ ምንም ገጥሞለት ቢሄድ ምን ክፋት አለው? ይህ ቃል በንቀት የሚታለፍ አይደለም፤ ራብ እውነተኛ ነገር ነውና። ዳሩ ግን ድህነት መልክን ለመተው ምክንያት ይሆናል እንጂ ልክን ለመተው አይሆንም። የተሰነጠቀ ክብ በቆዳ ቢጠቀለል፥ ቀለሙም ከመኪናው ቀለም ባይስማማ፥ የተጣፈ ልብስ እንደ መልበስ ነው፥ ነውር የለበትም። ጥርሱ ያልገጠመ መሪ ግን ድህነቱን ከባለቤቱ ላይ አንሥቶ በማያውቀው ሰው ሕይወት ላይ ያኖረዋል። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው መንገድ ከደንገጎ ቁልቁል እየተጠማዘዘ ይወርዳል። በዚያ ቁልቁለት ከኋላ የተቀመጠች፥ ልጅ ያቀፈች እናት መሪ አልያዘችም፤ ከክዳኑ ሥር ያለውንም አላየችም፤ ሒሳቧን ከፍላ ነፍሷን አደራ ሰጥታለች። ስለዚህ መኪናው የባለቤቱ ገንዘብ ቢሆንም፥ መሪው የተሳፋሪው ሁሉ አደራ ነው፤ ባለቤቱም ቢፈቅድ መካኒኩ እሺ ሊል አይገባውም።

መኪናውም ሲሸጥ ሕጉ ያው ነው። ምትኩ ጥሩ ከሆነ፥ ተለውጧል ብሎ መናገር ዋጋውን ጥቂት ይቀንስ ይሆናል፥ የሻጩን ስም ግን አይቀንስም። መደበቅ ካስፈለገ ግን፥ ምትኩ እንዳልገጠመ ሻጩ ራሱ መስክሯል።

አንባቢ ሆይ፥ ሰው ሁሉ በዘመኑ የአንድ ነገር ምትክ ሆኖ ይገባል፤ በአባቱ ወንበር፥ በመምህሩ ጉባኤ፥ በቀደመው ሹም ስፍራ ይቀመጣል። የቀደመውን መምሰል አይጠየቅም፤ የቀደመው የተሸከመውን መሸከም ግን ይጠየቃል። ስለዚህ አስቀድመን ጥርሳችንን እንቍጠር፤ የክቡ ማማር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።